ከትንንሽ ልጆች ጋር የመንገድ ጠመኔ በቤት ውስጥ መሥራት

በቤት ውስጥ ለሚሠራ ጠመኔ የሚያስፈልጉት ነገሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ጄሶ፣ ውሃና ቀለም። አሠራሩም ቢሆን ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ጄሶ ውሃ ከነካው በኋላ የሚሰጠው ፋታ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሲሆን፣ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ግን ቀለም ለመምረጥ ብቻ ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሊፈጅም ይገባዋል። ስለዚህ ከልጆች ጋር ጠመኔ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ከሥራው የትኛው ክፍል የልጁ፣ የትኛው የአዋቂው እንደሚሆን ነው። ክፍፍሉ አስቀድሞ ከታሰበበት ልጁ ሥራውን የራሱ አድርጎ ይይዘዋል፤ ካልታሰበበት ግን አዋቂው ሲጣደፍ፣ ልጁም «አትንካ» ሲባል ይውላል።

ጄሶ እንዴት እንደሚጠነክር

ጄሶ የሚገኘው ጂፕሰም የተባለውን ማዕድን ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በማሞቅ ነው። ሙቀቱ በማዕድኑ ውስጥ ከተያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያስወጣና የሚፈጨውን ነጭ ነገር ይተዋል። ይህ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል፤ ማለትም የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ሳይሆን ከውሃው ጋር ስለሚዋሐድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆም ቢሆን ይጠነክራል። ይህን መረዳት ሥራውን በሙሉ ያቃልላል። መጠንከር የጀመረን ጄሶ ውሃ በመጨመር ማለስለስ አይቻልም፤ ወደ መታጠቢያ ቱቦ የተደፋ ጄሶም እዚያው ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ በሚዋሐድበት ጊዜ ደግሞ ሙቀት ያወጣል።

የጠመኔውን ልስላሴ የሚወስነውም ውሃው ነው። 100 ግራም ጄሶ ለመዋሐድ የሚፈልገው ውሃ 19 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረው ውሃ በጠነከረው አካል ውስጥ በትንንሽ ቀዳዳዎች ተይዞ ይቆይና ቀስ በቀስ ተንኖ ይወጣል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ውሃ በበዛ ቁጥር ቀዳዳው ስለሚበዛ ጠመኔው ለስላሳ ይሆናል፤ ውሃ ካነሰው ደግሞ እንደ ግድግዳ ጄሶ ይጠነክርና መሬት ይቧጥጣል እንጂ አይጽፍም። ጥሩ ጠመኔ በልጅ እጅ ሲያዝ የማይሰበር፣ ሻካራ መሬት ላይ ሲሳብ ግን እየተፋቀ ዱቄቱን የሚተው ነው። በስፍር ሁለት እጅ ጄሶ ለአንድ እጅ ውሃ የሚለው የተለመደ ልክ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ከዚህ ልክ ብዙ መራቅን አልመክርም።

ከመጀመር በፊት መታወቅ ያለበት ጥንቃቄ

በዚህ ሥራ ውስጥ እውነተኛ አደጋ አለ፤ አደጋውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዱቄቱ ብቻ አይደለም። እርጥብ ጄሶ በብዛት ተበጥብጦ ሲጠነክር ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይችላል፤ ይህም ቆዳን የሚያቃጥል ሙቀት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በእንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የእጇን ቅርጽ ለማውጣት እጆቿን በባልዲ ውስጥ በተበጠበጠ ጄሶ ከተተች፤ ጄሶው እጆቿን ይዞ ጠነከረ፤ በቃጠሎውም አብዛኞቹን ጣቶቿን አጣች። ለጠመኔ የሚበጠበጠው ጄሶ ጥቂት ስለሆነና በቀጭን ጥቅልል ውስጥ ስለሚቀመጥ ለብ ከማለት ብዙም አያልፍም። ነገር ግን ልጅ እጁን በእርጥብ ጄሶ ውስጥ እንዲከት፣ እንዲያቦካው ወይም የመዳፉን ቅርጽ እንዲያወጣበት ፈጽሞ አይፈቀድ። የእጅ ቅርጽ ለማውጣት ሸክላ ወይም የልጆች ጭቃ አለ።

ዱቄቱ እጅግ የደቀቀ ስለሆነ በቀላሉ ይቦናል፤ ዐይንን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮንም ያደርቃል። ስለዚህ ዱቄቱን የሚሰፍረውና ውሃ ውስጥ የሚጨምረው አዋቂው ብቻ ነው፤ እርሱም አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ፣ ቢቻል ውጭ ወይም መስኮት በተከፈተበት፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ ይሠራል። ልጁ በዚያች ደቂቃ ራቅ ብሎ ይቆይ፤ አስም ያለበት ልጅ ደግሞ ሌላ ክፍል ይቆይ። ዐይን ውስጥ ከገባ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የተዋጠ ጄሶ ሆድ ውስጥም ሊጠነክርና አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል፣ ልጁ ውጦ ከሆነ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ የሕክምና ምክር ይጠየቅ።

ዱቄቱ ሲገዛም እሽጉ ይነበብ። ለግንባታ የሚዘጋጁ አንዳንድ የልስን ዱቄቶች ኖራ ወይም ሲሚንቶ የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ እነዚህ ከውሃ ጋር ሲገናኙ ቆዳን የሚበሉ በመሆናቸው ለልጆች ሥራ አይሆኑም። የሚፈለገው ለዕደ ጥበብ የሚሸጠው፣ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት ነጭ ጄሶ ነው። ደግሞ አዲስ ይሁን፤ ለወራት ተከፍቶ የቆየ ጄሶ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ይጓጉላል፤ ሲበጠበጥም እንደሚጠበቀው አይጠነክርም።

ዱቄቱ ሳይከፈት የሚያልቀው ሥራ

የሥራው ሰፊው ክፍል ይህ ነው፤ ሙሉ በሙሉም የልጁ ነው። ጊዜ የሚያጣድፈው ነገር ስለሌለ ሊያበላሽ፣ ሊደግም፣ ሐሳቡንም ሊለውጥ ይችላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ብቻ ቢውል፣ ጄሶው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ቢበጠበጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚዘጋጀው ቅርጽ ማውጫው ነው። ከሶፍት ጥቅልል የሚተርፈው ካርቶን ከሁሉ የተሻለ ነው፤ አፉ ከ4 እስከ 4.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ገና በጣቶቹ ጫፍ ሳይሆን በሙሉ መዳፉ ለሚጨብጥ ልጅም የሚስማማው ይህን የመሰለ ወፍራም ጠመኔ ነው። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ ቀጠን ያለ ከተፈለገ ካርቶኑ ከላይ እስከ ታች ይቀደድና ጠርዙ በጠርዙ ላይ ተደርቦ በስኮች ይታሰራል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በቤቱ ካለ ግን ባይቀጥን ይመረጣል፤ በበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ የሚወጡት የከዋክብትና የልብ ቅርጾችም ምንም ቢያምሩ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ጉሮሮ የሚያንቁ ናቸው።

ልጁ የጥቅልሉን አንድ አፍ በሰፊ ስኮች ይሸፍናል። አንድ ድርብ አይበቃም፤ መስቀለኛ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለጥፍበታል፤ ጫፎቹንም በካርቶኑ ጎን ላይ እየተጫነ ያጣብቃል። ትንንሽ ጣቶች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ ቀዳዳ ከቀረ ጄሶው የሚፈስሰው በእርሱ በኩል ስለሆነ ሥራው በእርግጥ አስፈላጊ ነው፤ ልጁም ይህ ሊነገረው ይገባል። ቀጥሎ የመጋገሪያ ወረቀት በጥቅልሉ ቁመት ልክ ተቆርጦና ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲለቀቅ ራሱ ተዘርግቶ ከካርቶኑ ጋር ይገጥማል። ይህ ወረቀት ከሌለ ካርቶኑ ጠመኔው ላይ ተጣብቆ ይቀርና ለመላጥ ያታክታል። የተዘጋጁት ጥቅልሎች በሙሉ የተሸፈነው አፋቸው ወደ ታች ሆኖ በትሪ ላይ ይደረደራሉ። ልጁ እያንዳንዱን በጣቱ ገፋ እያደረገ መቆሙን ይፈትን።

ከዚያ ቀለም ይመጣል። ለልጆች የሚሸጠውና በውሃ የሚለቀው ቴምፕራ ቀለም ተስማሚ ነው። አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ወደ ፕላስቲክነት ስለሚለወጥ ጠመኔውን ያጠነክረዋል፣ ከልብስም አይለቅም፤ የምግብ ቀለም ደግሞ እጅንና አንዳንድ የድንጋይ ንጣፍን ነክሮ ይቀራል። ልጁ ለእያንዳንዱ ጠመኔ ቀለሙን በየኩባያው ይቀላቅል፤ ቢጫና ሰማያዊ ተገናኝተው አረንጓዴ ሲሆኑ ያለማንም ጥድፊያ ይመልከት። እዚህ ላይ አዋቂው ማስታወስ ያለበት ነገር ቢኖር ጄሶ ነጭ በመሆኑ ቀለሙን ሁሉ እንደሚያደበዝዝ ነው፤ ቀዩ ሮዝ ይሆናል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ እርጥብ ሳለ ከነበረው ይበልጥ ይነጣል። ስለዚህ ኩባያው ውስጥ ያለው ቀለም ከሚፈለገው በጣም ጠቆር ብሎ መታየት አለበት። ብልጭልጭ ዱቄት እንዲጨመር ልጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ጠመኔው ሲፋቅ ዐይን ውስጥ የሚገባና ዝናብ ወደ አፈር የሚወስደው ፕላስቲክ ስለሆነ ባይጨመር ደስ ይለኛል።

መበጥበጥና መሙላት

በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ይበጠበጥ። አራቱንም ቀለም አንድ ላይ የጀመረ ሰው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ የመጀመሪያው ይጠነክርበታል። ለአንድ ቀለም ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽና አንድ ኩባያ ጄሶ ይበቃል፤ ከዚህ አንድ ሙሉ ጥቅልል ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል። ቀለሙ ራሱ ፈሳሽ መሆኑ አይዘንጋ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀለም ከገባ ያንኑ ያህል ውሃ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ ጠመኔው ይረግባል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ለብ ያለ ውሃ ጄሶውን ያስቸኩለዋል፤ ጨው የገባበት ውሃም እንደዚያው ነው።

ልጁ ቀለሙንና ውሃውን ሲታጠፍ በሚመለስ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አማስሎ ካዘጋጀ በኋላ ራቅ ይላል፤ አዋቂውም ማስኩን አድርጎ ጄሶውን ከዕቃው አፍ ዝቅ ብሎ በማንኪያ ወይም በወንፊት በጥቂት በጥቂቱ በውሃው ላይ ይነሰንሳል። ዱቄቱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይደፋም፤ አለበለዚያ ከታች ያልራሰ ዱቄት ጓጉሎ ይቀራል። ጄሶው በሙሉ ከገባ በኋላ ሳይነካ አንድ ደቂቃ ያህል ይተውና ውሃውን ይምጠጥ፤ ከዚያ በዝግታ ይማሰል። በኃይል ማማሰል አየር ያስገባል፤ የአየር አረፋ የቀረበት ቦታ ደግሞ ጠመኔው የሚሰበርበት ቦታ ነው። ብዙ ማማሰልም መጠንከሩን ያፋጥነዋል።

ዱቄቱ ረጥቦ መቦነኑ ካቆመ በኋላ ልጁ ተመልሶ ይመጣል። አራት ዓመት የሞላው ልጅ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዙሮች በረጅም ማንኪያ ሊያማስል ይችላል፤ ጓንት ቢያደርግ ይመረጣል። ማንኪያው ሲያልፍ በላዩ ላይ ለአፍታ የሚቆይ ፈለግ የሚተው ከሆነ ለመሞላት ደርሷል ማለት ነው። አዋቂው ዕቃውን ሲያዘነብል ልጁ ጥቅልሉን ከታች ይያዝለት፤ እስከ አፉ ሳይሆን አንድ ጣት ያህል ጎድሎ ይሞላል። ወዲያው ልጁ የካርቶኑን ጎን በጣቱ ቀስ እያደረገ ይምታው፤ በውስጥ የተያዙት አረፋዎች አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ።

ባለ ሁለት ቀለም ጠመኔ ከተፈለገ የመጀመሪያው ቀለም እስከ ጥቅልሉ ግማሽ ይሞላና መፍሰስ እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ሁለተኛው የሚበጠበጠው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፈጽሞ እስኪደነድን ከቆየ ግን ሁለቱ በደንብ ስለማይያያዙ ጠመኔው በመገናኛው ላይ ለሁለት ይከፈላል።

መጠበቅ

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጆች በቅርብ ሊያዩት ይገባል። ሲሞላ እንደ መስተዋት የሚያበራው የጄሶው ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃኑን ያጣና ደብዛዛ ይሆናል፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ወደ ውስጥ እየተወሰደ ነውና። ቀጥሎ ልጁ የእጁን ጀርባ በካርቶኑ ውጫዊ ጎን ላይ ያሳርፍ፤ ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ የተጨመረበት ነገር ማንም ሳያሞቀው ለብ ብሎ ያገኘዋል። ለምን እንደሞቀ ከጠየቀ በቀላሉ ሊነገረው ይችላል፤ ዱቄቱ በእሳት ላይ ሳለ የወሰደውን ሙቀት አሁን ወደ ድንጋይነት ሲመለስ እየመለሰው ነው።

ካርቶኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊቀደድ ይችላል፤ መቅደዱም የልጁ ድርሻ ነው። ሆኖም ጠመኔው ድንጋይ ሆነ እንጂ አልደረቀም፤ በውስጡ የተረፈው ውሃ ገና ነው። በዚህ ጊዜ ቢሞከር ይሰበራል፤ መሬት ላይ የሚተወው መስመርም ፈዛዛ ነው። አየር በሚያገኘው ቦታ፣ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ እንደ አየሩ ጠባይ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይደር። በምድጃ ማድረቅ አይገባም፤ ከፍ ያለ ሙቀት ጄሶው የወሰደውን ውሃ እንደገና ስለሚያስወጣው ጠመኔው ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራልም። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ደግሞ ልጆቹ ጠዋትና ማታ እየመዘኑ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ይመዝግቡ፤ መቀነሱን ያቆመ ዕለት ጠመኔው ደርሷል። ለልጅ ሦስት ቀን መጠበቅ ከባድ ነው፤ በየቀኑ የሚለካ ነገር ሲኖር ግን ይቀልለዋል።

ጠመኔው መጀመሪያ ሲሳብ የማይጽፍ ከሆነ አይጣል። ወረቀቱ የነካው ገጽ ለስላሳና አንጸባራቂ ስለሚሆን ጫፉን በሻካራ ሲሚንቶ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይበቃል። ከታሸም በኋላ የሚቧጥጥ ከሆነ ውሃው አንሶታል፤ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ በዝቶበታል ወይም ዱቄቱ ያረጀ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ማንኪያ ውሃ መጨመር ወይም መቀነስ በቂ ነው።

ለሚጽፍበት ቦታ የሚበጀው ሻካራ ኮንክሪትና አስፋልት ነው። ቀለም የሚመጥጥ ጡብ ወይም የተፈጥሮ ድንጋይ ከሆነ በማይታይ ጥግ ተሞክሮ በውሃ መልቀቁ ይረጋገጥ፤ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ቦታም አይሁን።

ለሕፃናት፣ ያለ ጄሶ

እጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚወስድ ሕፃን ጄሶ ተገቢ አይደለም። ለእርሱ የበቆሎ ስታርችና ውሃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ፣ ትንሽ የሚታጠብ ቀለም ገብቶበት በሰፊ ብሩሽ መሬት ላይ ይቀባል። እርጥብ ሳለ እምብዛም አይታይም፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ሕፃኑም ሥዕሉ ከመሬት ሲወጣ ያያል። ስታርቹ ቶሎ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ብሩሹ በተነከረ ቁጥር ይማሰል።

ሌላው አማራጭ የእንቁላል ቅርፊት ነው፤ ትዕግሥት ላላቸው፣ መውቀጥም ለሚወዱ ልጆች በጣም ይስማማል። የእንቁላል ቅርፊት አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከምድር የሚቆፈረው የተፈጥሮ ጠመኔም እንዲሁ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ፣ በጥንት ባሕር ይኖሩ ከነበሩ በዐይን ከማይታዩ ፍጥረታት ቅርፊት የተከማቸ ነው። የስድስት እንቁላል ያህል ቅርፊት ታጥቦ፣ ጀርም እንዳይኖረው ተቀቅሎና ደርቆ በሙቀጫ እስኪደቅ ይወቀጣል፤ የላመው በወንፊት ይለያል። አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ የሻይ ማንኪያ በጣም ሙቅ ውሃ ይለወስና አንድ የሾርባ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት ይገባበታል፤ ሙቁን ውሃ የሚይዘው አዋቂው ነው። ሲበርድ ልጁ በመዳፉ አድበልብሎ ያረዝመዋል፤ በወረቀት ተጠቅልሎም ሦስት ቀን ያህል ይደርቃል። የሚወጣው አንድ ጠመኔ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልጁ እጅ የተሠራ ነው።

ዕቃውን ማጽዳትና ጠመኔውን ማስቀመጥ

የተረፈው ጄሶ በፕላስቲክ ዕቃው ውስጥ እስኪጠነክር ይተዋል፤ ከዚያ ዕቃው ሲታጠፍ ተሰነጣጥቆ ይወድቅና ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ማንኪያዎች መጀመሪያ በወረቀት ይጠረጋሉ፤ ቀጥሎ በባልዲ ውሃ ይታጠባሉ፤ የባልዲው አተላ እስኪዘቅጥ ተጠብቆ ደለሉ ይጣላል። የልጆች እጅም ቢሆን ጄሶ ከነካው መጀመሪያ በዚያው ባልዲ ይታጠብ እንጂ በቀጥታ በቧንቧ ሥር አይታጠብ።

የደረቁት ጠመኔዎች አየር በሚያስገባ የካርቶን ሣጥን ይቀመጣሉ፤ እርጥበት ሳይለቃቸው በፕላስቲክ ከታሸጉ በቀለሙ ምክንያት ሊሻግቱ ይችላሉ። ሲያልቁ የሚቀሩት ስብርባሪዎች ሕፃን ከሚደርስበት ቦታ ይነሡ፤ ለትልልቆቹ ልጆች ግን ተደቁሰው በትንሽ ውሃ ሲለወሱ መሬት ላይ የሚቀባ ቀለም ይሆናሉ። ስብርባሪውን ፈጭቶ ወደ አዲስ ጄሶ መቀላቀል ግን አይገባም። አንዴ የጠነከረ ጄሶ ተፈጭቶ እንደገና አይጠነክርም፤ ከዚያም በላይ አዲሱ ጄሶ ፍርፋሪውን መነሻ አድርጎ ቶሎ ስለሚረጋ፣ ወደ ጥቅልሉ ሳይገለበጥ በዕቃው ውስጥ ሊቀር ይችላል። በዚሁ ምክንያት ለሚቀጥለው ቀለም የሚያገለግለው ዕቃና ማንኪያም ያለፈው ጄሶ አንድም ፍርፋሪ ያልቀረበት መሆን አለበት።